ተረት የፈታው አንደበት

ሕፃን ልጅ ቋንቋ ሲማር አያፍርም። «ውኃ» ማለት ቢያቅተው «ቡዋ» ይላል፤ እናቱም ስቃ ትሰጠዋለች፤ እርሱም ጠጥቶ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። የዐዋቂ ሰው ነገር ግን እንደዚህ አይደለም። ዐዋቂ ሰው ቤት የሠራ፣ ልጅ ያሳደገ፣ በዕድር ስብሰባ ሲነሣ ሌላው ጸጥ ብሎ የሚሰማው ሰው ነው። ይህን ሰው አዲስ ቋንቋ ይማር ብለን ከተማሪ ወንበር ላይ ስናስቀምጠው በአንድ ሌሊት የሦስት ዓመት ልጅ እናደርገዋለን። አሳቡ የሽማግሌ ሆኖ ሳለ አንደበቱ የሕፃን ይሆንበታል። ስለዚህም ብዙው ሰው ከመሳሳት ዝም ማለትን ይመርጣል፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ማንበብና መጻፍ ይማር እንደሆነ እንጂ መናገር አይማርም።

እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ፣ አሁን በጡረታ የምገኝ ሰው ነኝ። ቀን ቀን ልጆችን አስተምር ነበር፤ ከ1989 እስከ 2006 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ ከተማ ማታ ማታ ዐዋቂዎችን አስተምሬአለሁ። ወጣቶች ሆይ፣ ስለዚህ የማታ ትምህርት ልጽፍላችሁ የተነሣሁት፣ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ አስተማሪዎች ስለምትሆኑ፣ አስተማሪ የማትሆኑትም ብትሆኑ አዲስ ቋንቋ ለመናገር የሚንተባተብ አባት ወይም እናት በቤታችሁ ስለማይጠፋ ነው።

ተማሪዎቼ ከ30 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። የሆቴል በር የሚጠብቅ ነበረ፤ በመርካቶ ጨርቅ የሚነግድ ነበረ፤ የሆስፒታል አንሶላ የምታጥብ፣ በውጭ አገር ሰዎች ቤት ምግብ የምታበስል፣ ወደ ልጇ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቪዛ የምትጠባበቅ እናትም ነበሩ። ሁሉም የሚመጡት ከሥራ በኋላ ደክመው ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ እናበራለን፤ ሻማው ሲያልቅ በጨለማ እንነጋገራለን። በብርሃን ዝም የሚለው ተማሪ በጨለማ ደፋር እንደሚሆን ያየሁት በዚያ ክፍል ነው፤ ፊቱን የሚያይበት የለምና።

የተሰጠን መጽሐፍ አንድ እንግሊዛዊ ቤተ ሰብ በሎንዶን ከተማ የባቡር ቲኬት ሲቈርጥ፣ ሻይ ሲጠጣ፣ ስለ ዝናብ ሲነጋገር የሚያሳይ ነበር። ዝናቡ እንኳ የእኛ ዝናብ አልነበረም። መጽሐፉ ክፉ ነው አልልም፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለው መጽሐፍ ውስጥ ተማሪው ሁለት ጊዜ እንግዳ ይሆናል፤ ቃሉን አያውቀውም፣ ነገሩንም አያውቀውም። እኔ በልጅነቴ በሚስዮኑ ትምህርት ቤት የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በእንግሊዝኛ ስንጫወት የእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ሆኜ ነበር። የነበረኝ ንግግር ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። የዚያን ዓመት የቃላት ዝርዝር ሁሉ ከአእምሮዬ ሲጠፋ እነዚያ ሁለቱ ዛሬም አልጠፉም። ታሪኩን አስቀድሜ ዐውቀው ስለ ነበረ፣ የተናገርሁትም ለሰው የሚያስፈልግ ነገር ስለ ነበረ ይመስለኛል። ስለዚህ ከዐዋቂዎቹ ጋር መጽሐፉን ወደ ጎን አኑሬ በተረት ጀመርሁ።

አስቀድሜ ያነሣሁት የአህያይቱን ተረት ነው። ዝናብ ጠፍቶ ምድር በደረቀች ጊዜ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ከእኛ አንዱ ኃጢአት ቢሠራ ነው እንጂ ሰማይ እንዲህ አይዘጋም፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ ወይፈን መብላቱን ተናዘዘ፤ «ይህ ኃጢአት አይደለም» አሉት። ነብር ፍየል መብላቱን፣ ጅብ ዶሮ መስረቁን ተናዘዙ፤ ይህም ኃጢአት አልሆነም። አህያይቱ «ጌታዬ ከመንገደኛ ጋር ቆሞ ሲነጋገር ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሣር ነጭቻለሁ» ስትል ግን ሦስቱም «መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው በሏት። ተረቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ላ ፎንቴን የተባለው የፈረንሳይ ባለ ቅኔ በ17ኛው መቶ ዓመት የዚህኑ ወንድም የሚሆን ተረት ጽፏል።

ይህን በአማርኛ አልነገርኋቸውም። በዝግታ፣ በእንግሊዝኛ፣ በእጄና በፊቴ እያገዝሁ ጀመርሁት። አንበሳ ሆኜ ሳገሣ ዐወቁ፤ ጅብ ሆኜ ሳነክስ ሳቁ፤ ከአህያይቱ ኑዛዜ ሳልደርስ ነጋዴው «ይህማ የአህያይቱ ተረት ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ቀሪውን የሚነግሩኝ እነርሱ ሆኑ። ተማሪው ፍቺውን ከቤቱ ይዞ ስለ መጣ የጎደለው ቃሉ ብቻ ነው፤ የማያውቀውን ቃል ሲሰማም ከተረቱ አካሄድ ገምቶ ይደርስበታል። አንዳንዱም «በእኛ አገር ነብሩ የለበትም፤ ቀበሮ ናት» እያለ ያርመኛል። አስተማሪውን የሚያርም ተማሪ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም።

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለአማርኛ ተናጋሪ በምን እንደሚከብድ ተረት ፈጥኖ ያሳያል። እኛ ማሠሪያ አንቀጹን ከመጨረሻ እናኖራለን። ተናጋሪው «ጅቡ አህያይቱን...» ብሎ ትንፋሹን ሲስብ፣ በላት ይሁን አዳናት ሰሚው ገና አያውቅም። እንግሊዝኛ ግን ችኩል ነው፤ «ጅቡ በላ» ይልና ማንን እንደ በላ ኋላ ይነግርሃል። ደግሞም እኛ ተረት ስንናገር «ሄዶ፣ አይቶ፣ አድብቶ፣ ይዞ በላ» እያልን አንዱን ድርጊት በሌላው እንቀጥላለን፤ የሚያስረው የመጨረሻው ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ተረት ግን ግሡ ሁሉ በየራሱ ያለፈ ጊዜ ሆኖ መቆም ይችላል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ባስረዳቸው ኖሮ ይገለብጡት ነበር፤ ይረሱትም ነበር። አንበሳው ተነሥቶ «አይ ኤት ኤ ቡል» ሲል፣ ጅቡም አንገቱን ደፍቶ «አይ ስቶል ኤ ሄን» ሲል ግን፣ እንደ እሾህ የሚወጉት ደንብ የለሽ ግሦች በኑዛዜ መልክ በአፋቸው ገቡ። ከኑዛዜ ይልቅ ያለፈ ጊዜን የሚፈልግ ንግግር ከየት ይገኛል?

ተረቱን ከሰሙ በኋላ ዐሥር ዐረፍተ ነገር ብቻ በሰሌዳው ላይ እንጽፋለን፤ ይህ አጥንቱ ነው፤ ሥጋውን የሚያለብሱት ተጫዋቾቹ ናቸው። ነጠላ የአንበሳ ጎፈር ይሆናል፤ ገመድ ጅራት ይሆናል፤ ሰፌድ ምድሪቱን የሚያቃጥል ፀሐይ ይሆናል። ሰው «ይህን ዐረፍተ ነገር ሃያ ጊዜ በል» ቢባል ይሰለቻል፤ ትልቅ ሰው ከሆነም ይቀየማል። በቴአትር ልምምድ ጊዜ ግን «አንድ ጊዜ እንድገመው» ብሎ ራሱ ይለምናል፤ ሃያኛውንም ከዐሥራ ዘጠነኛው አሳምሮ ለመናገር ይደክማል። ደግሞ ተራው መቼ እንደሚደርስ ለማወቅ የጓደኛውን ንግግር ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል። በጨዋታው መካከል ስሕተት አላርምም ነበር። በቁራጭ ወረቀት እጽፍና ተጫውቶ ሲቀመጥ በእጁ አኖርለት ነበር፤ በሰው ፊት የታረመ ሽማግሌ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣምና።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን፣ በጨዋታው የተሳሳተው አንበሳው ነው እንጂ አቶ እገሌ አለመሆኑ ነው። ሰው በራሱ አፍ የማይደፍረውን በሌላ አፍ ይደፍረዋል። የአገራችን የቴአትር ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያቀረቡት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ይባላል። በላ ፎንቴን ተረቶች ላይ የተመሠረተ ሲሆን ተናጋሪዎቹ አውሬዎች ናቸው። በአውሬ አፍ የተነገረው ነገር በዘመኑ የነበሩትን ሹማምንት ስለ ነካ ታገደ። እንግዲህ አውሬ መስሎ መናገር የልጆች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር?

ይሁን እንጂ ጭምብሉ ሁሉ ለሁሉ አይስማማም። የሆቴሉ ዘበኛ ቀድሞ ወታደር የነበረ፣ ቁመቱ ረዥም፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። ዕጣ ሲጣል አህያ ደረሰው። ተነሣና «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አህያ አልሆንም» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። በአገራችን አህያ መባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። አንዱ ከኋላ «ታዲያ በቅሎ ያድርጉት» ብሎ ቀለደ፤ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው ያለችውን ማለቱ ነው። እኔ ሰውየውን አላስገደድሁትም። የአህያይቱን ቦታ አንሶላ አጣቢዋ በፈቃዷ ወሰደች፤ በደንብም ተጫወተችው፤ ተበላችም።

አህያይቱ ተበልታ ሁሉም ሲያጨበጭብ ያ ዘበኛ እጁን አወጣ፤ በእንግሊዝኛም «ይህ ፍርድ አይደለም» አለ። ሦስት ወር ሲማር ሳይጠየቅ የተናገረው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር። ነገሩ እንደገና ይታይልኝ ብሎ ለአህያይቱ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ነጠላ ተውሶ እንደ ጥንቱ ተሟጋች አደገደገና ዱላውን ወደ አንበሳው እየቀሰረ፣ ወይፈኑ የማን ነበር? ባለቤቱ ፈቅዶ ነበር ወይ? ሣሩስ የማን ነው? እያለ መረመረው። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነበረ፤ ክርክሩ ግን ሙሉ ነበረ። አንበሳውም መልስ አጥቶ በአማርኛ መለሰለት፤ ዘበኛውም «በእንግሊዝኛ!» ብሎ ተቈጣው። በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ «ዲድ» የሚለውን መጠየቂያ ቃል አስተምረን አለኝ። አንበሳውን በደንብ ለመመርመር አስፈልጓቸው ነው። መጽሐፉ ያንን ትምህርት ከምዕራፍ 14 ላይ አስቀምጦት ነበር፤ እነርሱ ግን በሦስተኛው ወር በሙግት ደረሱበት።

ይህን ሥራ ያልወደደም ነበረ። አንድ ተቈጣጣሪ ማታ መጥቶ የ50 ዓመት ሴት እንደ ጅብ ስታነክስ አየና በማግስቱ ጠራኝ። «ዐዋቂን ሰው እንደ ሕፃን በተረት ማስተማር ንቀት ነው፤ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት የሥራ እንግሊዝኛ ነው» አለኝ። ነገሩ ከንቱ አልነበረም፤ የዐዋቂን ክብር የሚጠብቅ ሰው የተናገረው ነውና። እኔም የመለስሁለት ይህን ነው። በአገራችን ተረት የሕፃናት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ምሳሌ አምጥቶ ይጀምራል። ጥንት ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲከራከሩ ጉዳይ የሌለው ሰው እንኳ ለመስማት ይሰበሰብ ነበር፤ በትሩ፣ ነጠላው፣ የድምፁ ከፍና ዝቅ ማለት፣ ሁሉም ከዛሬው መድረክ አያንስም። ለአባወራ «ፖም ቀይ ነው» እያሉ ማስደገም ነው እንጂ ንቀት፣ የአባቶቹን ተረት በሌላ ቋንቋ እንዲናገር ማድረግ ንቀት አይደለም። ተቈጣጣሪው አልተስማማም። ሌላ ሁለት ጊዜ መጣ፤ በመጨረሻው ጊዜ እስኪያልቅ ተቀምጦ አየ፤ ምንም ሳይለኝ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት የወሰድነው ተረት በተራራ ላይ ስለ ነደደው እሳት ነው። ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ተረት ነው። አንድ አሽከር ከጌታው ጋር ተወራርዶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዕራቁቱን ከብርዳም ተራራ ላይ ቆሞ ያድራል። ያስቻለው ወዳጁ በሩቅ ያነደደለትን እሳት እያየ ማደሩ ነው። ጌታው ይህን ሲሰማ «እሳት ካየህ ሞቀህ ማለት ነው፤ ተረትተሃል» ይለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ አንድ ብልህ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ግብዣ ይጠራና የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተተ ያለ ምግብ ያስቀምጣቸዋል። ሽታ ካላጠገበ፣ በሩቅ የታየ እሳትስ እንዴት ያሞቃል?

በዚህ ተረት ትልቁ ጭንቀት «ዩ» የምትለው ቃል ሆነች። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ አለን። እንግሊዝኛ ለአሽከርም ለዳኛም ያቺው አንዷን ነው ያለው። አሽከር የሆነው ታክሲ ነጂ «ጌታዬን እንዴት አንተ እላለሁ?» ብሎ አፉ ተያዘ። አክብሮቱ በቃሉ ውስጥ ሳይሆን በልመናው መልክ፣ በድምፁና «ሰር» በምትለው ጭማሪ እንደሚገባ በመጽሐፍ ከማስረዳት፣ አንድ ጊዜ በጌታና በአሽከር መካከል ማጫወት ይበልጣል። ዳኛው ፊት ቀርቦ በድፍረት ሲናገር ክፍሉ «ይኸ ብልግና ነው» ብሎ ይጮኻል፤ እርሱም አለዝቦ ይመልሰዋል።

የግብዣውን ቤት እመቤት ሆና የተጫወተችው፣ በውጭ አገር ሰዎች ቤት ምግብ የምታበስለው ሴት ናት። ይህች ሴት ብዙ ሳምንታት አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ በቤቷ አንድ እንግሊዝኛ ቃል ብትሞክር ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ልጇ ሥቃባት ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ አፏ ተለጐመ። ልጅቱ ክፉ አልነበረችም፤ የትኛውም ወጣት የሚስቀውን ሣቅ ነው የሣቀችው። እናትየዋ ግን ለዚያች ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሌላ ሰው ቤት የምትቆም ሴት ናት። ስለዚህ አስቀድሜ የሰጠኋት ቦታ ንግግር የሌለው ነበር፤ የድስቱን ክዳን ከፍ እያደረገች ሽታውን በነጠላዋ ወደ እንግዶቹ ማራገብ ብቻ። ቀጥሎ አንድ ቃል ጨመርሁላት፤ «ታገሡ» የምትል። በጨዋታው ማታ ግን እንግዶቹ ተርበው ሲጮኹ፣ ክዳኑን አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ማንም ያላስተማራትን ተናገረች። «ሽታው አልበቃችሁም?» አለች፤ በእንግሊዝኛ። የግሡ ጊዜ የተሳሳተ ነበረ። ወረቀት አልጻፍሁላትም።

ጥቂት ወራት ቈይቶ የምታገለግላት የውጭ አገር ሴት ለሁለት ወር ዕረፍት ወደ አገሯ ሄደች። ቤቱን በየቀኑ ከፍታ እንድታናፍስ፣ ውሻውን እንድታበላ፣ አትክልቱን ውኃ እንድታጠጣ አዝዛት ነበር። ስትመለስ «ምግብ አላበሰልሽም፤ በቤቴ ስታርፊ ከረምሽ» ብላ ደመወዝ ከለከለቻት። የእኛ ተማሪም በማድ ቤቱ መካከል ቆማ «አንድ ታሪክ ልንገርዎት?» አለቻት፤ የተራራውንም እሳት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ሴትዮዋ እስኪያልቅ ሰማች፤ ሣቀችም፤ የአንድ ወሩን ከፈለች።

ይህን በክፍል ስትነግረን ትልቅ ክርክር ተነሣ። ነጋዴው «ከምንም ይሻላል፤ አተረፍሽ» አለ። ዘበኛው «ተበላሽ፤ የሁለት ወር ነበር» አለ። እርሷም «ውሻው ሁለት ወር ሙሉ በልቷል» ብላ መለሰች። ያን ማታ ሰዋስው አላስተማርሁም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ ተከራከሩ፤ እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁ። የሥራ እንግሊዝኛ የተባለው ይህ አይደለም የሚል ካለ ይንገረኝ።

ተረት ሁሉን ያስተምራል ማለቴ አይደለም። ቅጽ መሙላትን፣ የመድኃኒት ማዘዣ ማንበብን፣ የስልክ ቁጥር ሰምቶ መጻፍን ጅብና አንበሳ አያስተምሩም፤ ለዚያ ቅጹን ራሱን፣ ማዘዣውን ራሱን ማምጣት ያስፈልጋል። ተረቱም አጭር መሆን አለበት፤ ሠላሳ ቃል የማያውቁበት ተረት ተረትነቱ ይቀርና እንቈቅልሽ ይሆናል። የተረትና ምሳሌ አባባሎችን ቃል በቃል መተርጐምም አይበጅም፤ ሞክረነው ክፍሉ ከሣቅ በቀር ምንም አላተረፈም። ዛሬ በእጅ ስልክ ቋንቋ የሚያስተምር መሣሪያ ሞልቷል፤ ለቃላት ጥናት ይረዳል። ነገር ግን ስልኩ ፊት ማንም አያፍርም፤ ሰው ፊት የሚመጣው ኀፍረት የሚለቀው ደግሞ ሰው ፊት ቆሞ በመናገር ነው።

ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ተረት መምረጥ ትቼ እነርሱ ከየአገራቸው ያመጡ ጀመር። ከወለጋ፣ ከጉራጌ፣ ከትግራይ፣ ከወላይታ የመጡ ተማሪዎች በእናቶቻቸው ቋንቋ የሰሙትን በአማርኛ ለጓደኞቻቸው ያወጉና ከዚያ በጋራ ወደ እንግሊዝኛ እንመልሰዋለን። ኤልዛቤት ሌርድ የተባለች የብሪታንያ ደራሲም በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ተዘዋውራ የሰበሰበቻቸውን ተረቶች እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝኛ አሳትማለች፤ መጽሐፉን አግኝቼ ሳነብላቸው፣ ወደ አሜሪካ ለመሄድ የምትጠባበቀው እናት «የእኛ ይበልጣል» አለች። የልጅ ልጆቿ አማርኛ ስለማይሰሙ በእንግሊዝኛ የምትነግራቸውን ስድስት ተረት አጥንታ ነው የሄደችው።

እነዚያ ከየአገሩ የመጡት ተረቶች ከነመልመጃቸው በሰባት ደብተር ተጽፈው በቤቴ አሉ። በሦስተኛው ላይ ሻማ ፈስሶበታል፤ ይነበባል ግን። ለማስተማር የሚፈልግ ሰው ቢመጣ አውሰዋለሁ፤ እንዲመልስልኝ ብቻ እጠይቃለሁ፤ አራተኛውን የወሰደችው ወጣት አስተማሪ እስከ አሁን አልመለሰችልኝምና።